መንገድ በሌለበት ስፍራ አውቶሞቢል ለሚነዳ ጀማሪ



በቀድሞ ዘመን አንድ የመኳንንት ልጅ ከፍ ሲል አባቱ ወይም አጎቱ አስቀድሞ የሚያስተምረው በበቅሎና በፈረስ መቀመጥን ነበረ። ትምህርቱም ኮርቻ ላይ ወጥቶ መጋለብ ብቻ አልነበረም። ዳገት ሲወጡ ልጓሙን ማላላት፥ ቁልቁለት ሲወርዱ ወደ ኋላ ዘንበል ማለት፥ ማጥ ሲያጋጥም ወርዶ መሳብ፥ ወንዝ ሲሞላም ከዳር ኾኖ መጠበቅ፤ የትምህርቱ ዋና ክፍል ይህ ነበረ። ዛሬ በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ የበቅሎውን ስፍራ አውቶሞቢል ወስዶታል። ነገር ግን ልጆቻችን የሚማሩት በአስፋልት ላይ መንዳትን ብቻ ስለ ኾነ፥ አስፋልቱ ባለቀበት ስፍራ ትምህርታቸውም አብሮ ያልቃል።

የአገራችን ኑሮ ደግሞ ብዙውን ሰው አንድ ቀን ከአስፋልቱ ማውጣቱ አይቀርም። አንዱን የመንግሥት ሥራ፥ ሌላውን የዘመድ ለቅሶ፥ አንዱን የወንድም ሰርግ፥ ሌላውን የእናት ናፍቆት ወደ ገጠር ይጠራዋል። በዚያን ጊዜ መሪውን የያዘው ሰው ብቻውን አይደለም፤ ከኋላው ሚስቱና ልጆቹ ወይም ያረጁ ወላጆቹ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ይህን ነገር በቤተ ሰብ ዓምዳችን ማንሣት ተገቢ መስሎ ታየን።

አውቶሞቢልና የኢትዮጵያ ምድር የተዋወቁት ገና ጎዳና ሳይሠራ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አንድ አውቶሞቢል ከባሕሩ ጠረፍ አንሥቶ በረሓውንና ተራራውን አቋርጦ ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ ለዳግማዊ አጼ ምኒልክ አቀረበ። በዚያ ጊዜ የነበረው አብዛኛው አውቶሞቢል የሚገፋው በኋላ ጎማው ብቻ ነበረ። በአራቱም ጎማ የሚጐትት ቀላል መኪና በብዛት የተሠራው በኹለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፤ ይኸውም ጂፕ የሚባለው ነው። ከዚያም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. እንግሊዞች ላንድ ሮቨርን በአምስተርዳም ለሕዝብ አሳዩ። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ጃፓኖች ኋላ ላንድ ክሩዘር የተባለውን መኪና በፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ አወጡት።

የእነዚህ መኪናዎች ዝና ትልቅ ነው። ነገር ግን ዝናቸው ራሱ ጀማሪውን ያሳስተዋል። ብዙ ሰው በአራቱም ጎማ የሚጐትት መኪና ሲገዛ ወይም ከመሥሪያ ቤቱ ሲረከብ፥ የመንዳት ዕውቀትን አብሮ የተረከበ ይመስለዋል። ስለዚህ መኪናው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

መዠመሪያ፥ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያለ፥ ምንም ያልተጨመረበት ፎር ዊል መኪና አብዛኛውን ጊዜ በአስፋልት ላይ የሚሄደው በኋላ ጎማው ኃይል ነው። አነስተኛውን እጀታ ሲያስገቡ የፊትና የኋላ ጎማዎች ኃይል ባንድነት ይታሰራል። በአንዳንዱ ዐይነት ደግሞ ወርዶ በፊት ጎማዎች መኻል ያለውን መቆለፊያ በእጅ ማዞር ያስፈልጋል። ይህ እስራት ለጭቃና ለአሸዋ፥ ለኰረትም መልካም ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጕዳት አለው፤ መኪናው ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ስለሚሄዱ፥ መሬቱ ካላንሸራተታቸው በቀር ጥርሶቹ እርስ በርሳቸው ይታገላሉ፤ መሪውም ይከብዳል።

ኹለተኛ፥ አራት ጎማ ማለት ኹልጊዜ አራት ጎማ ማለት አይደለም። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ዲፍረንሻል የሚባል የጥርስ መሣሪያ አለ፤ በመታጠፊያ ላይ አንዱ ጎማ ከሌላው እንዲፈጥን ያደርጋል። ይህ መሣሪያ መቆለፊያ ከሌለው፥ አንዱ ጎማ ከመሬት ሲነሣ ያንን በከንቱ ያሽከረክረዋል፤ መሬት የረገጠው ጓደኛውም ያለ ሥራ ይቆማል። ስለዚህ ከፊት አንዱ፥ ከኋላም በአንጻሩ ያለው ጎማ ባንድ ጊዜ ጕድጓድ ላይ ቢንጠለጠሉ፥ ያ ኹሉ የተመሰገነ መኪና ካለበት ንቅንቅ አይልም። የነጂው ብልኃት እንግዲህ ጎማዎቹ መሬቱን እንዳይለቁ መንገዱን መምረጥ ነው።

ሦስተኛ፥ ከባዱ ማርሽ የሚባለው በብዙዎቹ መኪናዎች የጎማውን ጕልበት ከኹለት እጥፍ በላይ ሲያበዛው፥ ፍጥነቱን ደግሞ በዚያው መጠን ይቀንሰዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለዚህ ማርሽ የተነገረ ይመስላል።

አራተኛውና ከኹሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ አራት ጎማ ለመሄድ ይረዳል እንጂ ለመቆም አይረዳም። ማናቸውም መኪና ፍሬን ሲያዝ በአራቱም ጎማው ይቆማል። ስለዚህ በሚያንሸራትት መሬት ላይ ፎር ዊል መኪና ከሌላው ይልቅ በቀላሉ ይፈጥናል፤ ለመቆም ግን ከሌላው የተለየ ኃይል የለውም። ጀማሪውን ገደል የሚከተው አብዛኛውን ጊዜ ይህን አለማወቅ ነው።

ይህ ኹሉ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። በሥራ ላይ እንዴት እንደሚታይ ለማስረዳት፥ በቅርብ የምናውቃት አንዲት ወጣት ሐኪም ያጋጠማትን እናውጋችሁ። ይህች ወይዘሪት በከተማ ኹለት ዓመት ያኽል አውቶሞቢል ስትነዳ ቆይታ፥ በመስከረም ወር የክትባት መድኃኒት ይዛ በበቾ ሜዳ ወዳለ አንድ የጤና ጣቢያ እንድትሄድ ታዘዘች። የተሰጣትም ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያለ ላንድ ክሩዘር ነበረ። አባቷ ነገሩን ሲሰሙ፥ ዕድሜያቸውን በሹፌርነት ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ ወዳጃቸውን ለምነው አብረዋት እንዲሄዱ አደረጉ። ሽማግሌውም፥ «እሄዳለሁ፤ ነገር ግን መሪውን አልይዝም፤ የምትነዳው እሷ ናት» አሉ።

ከሰበታ ከተማ በላይ በወጨጫ ተራራ ግርጌ ሲደርሱ፥ ከሥራው አስቀድሞ ትምህርት ይኹን ብለው ወደ አንድ ኰረት ወደ በዛበት አቀበት አዞሯት። መዠመሪያ ያዘዟት መኪናውን አቁማ በእግሯ እንድትወጣ ነበረ። «ልጄ፥ ያልረገጥሽውን መሬት አትንጂበት። ትልቁ ድንጋይ የት እንዳለ፥ ጎማሽን የት እንደምታሳርፊ፥ ከዳገቱ ጫፍ ወዲያ ምን እንዳለ አይተሽ ተመለሽ» አሏት። ስትመለስም ከጎማዎቹ ጥቂት ነፋስ አስወጡ፤ 2.4 ባር የነበረውን ወደ 1.8 ባር ገደማ አወረዱት። ነፋሱ የቀለለ ጎማ መሬቱን በሰፊው ይረግጣል፤ ድንጋዩንም እንደ ጨበጠ ይሄዳል። በአሸዋ ላይ ከዚህም ወርዶ ወደ 1.3 ባር ሊደርስ ይችላል፤ ከ1 ባር በታች ሲኾን ግን ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላልና ያሠጋል።

ቀጥለውም የእጇን አያያዝ አረሙ። በከተማ እንደለመደችው አውራ ጣቶቿን በመሪው ውስጥ አስገብታ ይዛ ነበርና፥ «አውጪያቸው፤ ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው በድንገት ይዞርና ጣትሽን ይሰብረዋል» አሏት። ከዚያም በከባዱ ማርሽ፥ በአንደኛው፥ ነዳጁን እንደ ሽቱ በጥቂት በጥቂቱ እየሰጠች ወጣች። መኪናው ከሰው እርምጃ ባልበለጠ ፍጥነት ድንጋዩን እየተሳለመ ሲወጣ ባየች ጊዜ እጅግ ተደነቀች፤ ዳገት የሚወጣው በመንደርደር ይመስላት ነበርና።

በመካከሉ ግን አንድ ስፍራ ሞተሩ ጠፋባት። ልቧ ደንግጦ መኪናውን ወደ ጎን ልታዞር መሪውን ስትጠመዝዝ ሽማግሌው ድምፃቸውን ሳያነሡ፥ «መሪውን አቅኚ፤ ፍሬኑን ያዢ» አሉ። በዳገት ላይ ወደ ጎን የዞረ መኪና ይንከባለላልና፤ ዳገት አልወጣ ያለ መኪና በመጣበት ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል እንጂ አይዞርም። የኋላ ማርሽ አስገብታ፥ ሞተሩን አስነሥታ፥ ቀስ ብላ እስከ ግርጌው ወረደች። በኹለተኛው ጊዜ ወጣችው።

ቁልቁለቱንም እንዲሁ በአንደኛ ማርሽ፥ ቀጥ ብላ፥ እግሯን ከፍሪሲዮን ላይ አንሥታ ወረደች። ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንደ ልጓም ይይዘዋልና። በቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን የረገጠ ነጂ ልጓሙን የጣለ ፈረሰኛ ነው፤ ፍሬኑን አጥብቆ የረገጠም ጎማውን ያስርና መኪናው እንደ ሰሌዳ ይንሸራተታል።

ከዚህ በኋላ በጤጂ በኩል አልፈው ከአስፋልቱ ወጡ። የበቾ ምድር በጥቁር አፈሩ የታወቀ ነው። ይህ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጎማው ጥርስ መካከል ገብቶ ስለሚሞላውም ጎማው እንደ ተላጨ ራስ ለስላሳ ይኾናል። በእንዲህ ያለ ጭቃ ላይ መሮጥም ማዝገምም አይረዳም፤ በመጠነኛ ፍጥነት፥ ሳያቋርጡ፥ መሪውን ሳያወዛውዙ መሄድ ነው የሚሻለው። ጎማው በከንቱ መሽከርከር ከዠመረ ነዳጅ መጨመር ራስን መቅበር ነው፤ ጎማው እንደ አካፋ እየቈፈረ መኪናውን በሆዱ ያስተኛዋልና።

በአንድ ስፍራ መንገዱ ፈጽሞ ታርሶ ማጥ ኾኖ ነበረ። ከጎኑ ግን ደህና የሚመስል ሜዳ አለ። ወይዘሪቷ መሪውን ወደዚያ ልታዞር ስትል ሽማግሌው ከለከሏት። «ጋሼ፥ ደረቅ ነው እኮ፤ ለምን በጭቃው እንሄዳለን?» አለች። እሳቸውም፥ «ልጄ፥ ሜዳ አይደለም፤ የሰው ማሳ ነው። ሽምብራ የተዘራበት ነው» ብለው መለሱላት። በዚያ አገር ገበሬው ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ክረምቱ ሲያበቃ ነው፤ መሬቱ በያዘው ርጥበት ብቻ እንዲበቅልለት። የአንድ መኪና ጎማ ባለፈበት መሬቱ ይጠቀጠቃል፤ የመዠመሪያውን መኪና ፈለግ አይቶ ኹለተኛው፥ ሦስተኛው ይከተላል፤ በሳምንት ውስጥ የገበሬው ማሳ አውራ ጎዳና ይኾናል። ስለዚህ ወርደው በአካፋ ጭቃውን ጠረጉ፤ ድንጋይና ቅርንጫፍ ረበረቡ፤ አንድ ሰዓት ያኽል ደክመው በመንገዱ አለፉ። በእኛ አሳብ የጨዋ ልጅ ነጂነት የሚታወቀው በዚህ ነው።

ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ከአንድ ወንዝ ደረሱ። የጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ቅርብ ነው፤ ሰዎችም ልጆቻቸውን ታቅፈው በዳር ቆመው ይታያሉ። ያሉበት ስፍራ ፀሐይ ነው፤ በተራራው ላይ ግን ጥቁር ደመና ተጭኗል። ውሃው ደፍርሷል። ከማዶ የቆመ አንድ ሰው፥ «ኑ፥ አይዟችሁ! ትናንት አይሱዙ ተሻግሯል» እያለ ይጣራል። ወይዘሪቷም ወደ ሽማግሌው ዞራ፥ «ጋሼ፥ አይሱዙ ከተሻገረ የኛ መኪና እንዴት ያቅተዋል?» አለች። ሽማግሌው፥ «ትናንት የተሻገረው የትናንቱን ውሃ ነው» ብለው ዝም አሉ።

ከዚያም ወርዳ በውሃው አፋፍ አንድ ነጭ ድንጋይ እንድታኖርና ዐሥር ደቂቃ እንድትጠብቅ ነገሯት። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ድንጋዩ ተዋጠ፤ ውሃውም ከዚያ ወዲህ አንድ ስንዝር መጣ። ወንዙ እየሞላ ነበረ።

እዚህ ላይ ስለ ውሃ ጥቂት እንናገር። የቆመ ውሃና የሚሮጥ ውሃ አንድ አይደሉም። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ አብዛኛውን መኪና፥ ከባዱንም ጭምር፥ አንሥቶ ሊወስድ ይችላል፤ የመኪናው አካል እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል፤ የተንሳፈፈ ጎማም አራት ቢኾን አርባ አይጐትትም። ደግሞም ሞተሩ የሚተነፍስበት አፍ ውሃ ከጠጣ፥ ውሃ እንደ ነፋስ አይጨመቅምና የሞተሩን ብረት አጥፎ ይሰብረዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት አባቶች አልተሳሳቱም።

ወይዘሪቷ መድኃኒቱን አየች፤ በማዶ የቆሙትን እናቶች አየች፤ ድንጋዩ የነበረበትንም ስፍራ አየች። ሽማግሌው አላዘዟትም፤ አልከለከሏትምም። በመጨረሻ፥ «እንመለስ» አለች። ወደ መኪናው ስትገባ ግን ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበረ። «ጋሼ፥ ሰዎቹ ፈሪ ናት ይሉኛል» አለች። ሽማግሌውም፥ «ይበሉሽ፥ ልጄ። ፈሪ ለእናቱ ሲባል ሰምተሽ የለምን? ዛሬ ማታ እናትሽ ስልክ ስትደውል ድምፅሽን ትሰማለች። መድኃኒቱም በበረዶ ሣጥኑ ውስጥ ደህና ነው፤ የጠፋ ነገር የለም» አሏት። ለማዶዎቹ በምልክት ነገ እንደሚመጡ አስታውቀው ወደ ጤጂ ተመልሰው አደሩ።

በማግስቱ ጧት ሲመጡ ወንዙ ጎድሎ ነጩ ድንጋይ በደረቅ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ውሃው ጠርቶ ጠጠሩ ይታይ ነበረ። ወይዘሪቷ በትር ይዛ በእግሯ ተሻግራ ተመለሰች፤ ከጕልበቷ በታች ነበረ። ከዚያም በከባዱ ማርሽ፥ ማርሽ ሳትለውጥ፥ በእግረኛ ፍጥነት፥ ፊት ለፊት ትንሽ ማዕበል እየገፋች ተሻገረች። ከወጣችም በኋላ የራሰው ፍሬን እንዲደርቅ በዝግታ እየሄደች ጥቂት ጊዜ ደጋግማ ረገጠችው። በዚያን ቀን ልጆቹ ኹሉ ተከተቡ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለጀማሪው የሚጠቅመውን ባጭሩ እንሰብስብ።

ከመነሣት አስቀድሞ አካፋ፥ ክሪክ፥ ክሪኩ በጭቃ እንዳይሰጥም ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ሳንቃ፥ ተጠባባቂ ጎማ፥ የጎማ ነፋስ መለኪያና መሙያ፥ ጠንካራ መጐተቻ ገመድ፥ የሚጠጣ ውሃና ስንቅ ይያዝ። በተቻለ መጠን ኹለት መኪና ኾኖ መሄድ ይሻላል፤ ካልተቻለም የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ሰዓት ለቤተ ሰብ መናገር ይገባል። ከባድ ዕቃ በመኪናው ጣራ ላይ አይጫን፤ በተጋደለ መሬት ላይ ይገለብጣልና። በውስጥም የተቀመጠ ሰው ኹሉ፥ በእርምጃ ፍጥነት ቢኬድም እንኳ፥ ቀበቶውን ይታጠቅ።

ስለ መጐተቻ ገመድ በተለይ አደራ እንላለን። ገመድ ሲወጠር ሕፃናትና ተመልካቾች ከገመዱ ርዝመት በላይ ርቀው ይቁሙ፤ በላዩም ማንም አይራመድ። ገመዱም ፋብሪካው ለመጐተቻ ባበጀው መንጠቆ ላይ ብቻ ይታሰር። ተሳቢ ጋሪ በሚያያዝበት ድቡልቡል ብረት ላይ የታሰረ ገመድ ብረቱን ነቅሎ እንደ ጥይት ሲወረውር ሰው ገድሏል።

ወደ አስፋልት ሲመለሱ የጎማው ነፋስ በፊት ወደነበረበት ይሞላ። ነፋሱ የጎደለ ጎማ በፍጥነት ሲሄዱበት ይግላል፤ ይፈነዳልም። ከፎር ዊልም መውጣት አይረሳ፤ ጎማና ቸርኬ ላይ የቀረው ጭቃም ይታጠብ፤ መሪውን ያንቀጠቅጣልና።

የመጨረሻው ቃላችን ለወላጆች ነው። ለልጆቻችሁ መኪና ስትሰጡ ቁልፉን ብቻ አትስጡ። አንድ የሰንበት ቀን ወስዳችሁ፥ ወይም የሚያውቅ ሰው ለምናችሁ፥ በአንድ ኰረታማ አቀበትና በአንድ ጭቃማ መንገድ ላይ አስተምሯቸው። ወርዶ በእግር ማየትን፥ ቀስ ማለትን፥ የሰው ማሳ አለመርገጥን አሳዩአቸው። ከኹሉም በላይ ደግሞ ከሞላ ወንዝ ተመልሰው ማታ እቤት ሲገቡ፥ ለምን ዘገያችሁ ብላችሁ አትቈጧቸው። በዚያ ቀን የተቈጣ አባት፥ በሚቀጥለው ጊዜ ልጁን ወደ ወንዙ የገፋው እሱ መኾኑን ይወቅ። መመለስን በቤቱ የተመሰገነበት ልጅ ግን በወንዙ ዳር ብቻውን ቢኾንም እንኳ መመለስን ያውቅበታል።